የሩቅ ትጉሃን፦ ሕሙማንን ከርቀት የመጠበቅ ታሪክ

በታላላቅ ሆስፒታሎች ውስጥ አንዲት ነርስ በሞኒተሮች ፊት ተቀምጣ፣ በሌላ ፎቅ፣ አልፎም በሌላ ከተማ የተኙ ሕሙማንን የልብ ምት፣ የትንፋሽ ብዛትና የደም ግፊት ስትከታተል ያየ ሰው፣ ይህ ጥበብ ከኮምፒውተር ጋር አብሮ ትናንት የተወለደ ሊመስለው ይችላል። ጥበቡ ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ ነው፤ በየዘመኑም ጠቢባን የሕሙሙን ምልክት ከአልጋው አርቀው የሚያደርሱበት አዲስ መንገድ ባገኙ ቁጥር፣ ምልክቱን ያየችው አስታማሚ ምን ታደርግ ዘንድ ሥልጣን አላት የሚለው ጥያቄ ተከትሎ መጥቷል፤ ለጥያቄው በተሰጠው መልስ መጠንም ያ መንገድ ሕይወት አድኗል፣ ወይም ከንቱ ወጪ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደወልና ሰንጠረዥ፦ ከ1853 እስከ 1900

በ1853 ፍሎረንስ ናይቲንጌል በለንደን ከተማ፣ በሃርሊ ስትሪት፣ ለታመሙ ወይዛዝርት የተቋቋመውን አነስተኛ ሐኪም ቤት እንድታስተዳድር በተጠራች ጊዜ፣ ገና ሥራውን ሳትረከብ አስቀድማ የጠየቀችው ነገር ሙቅ ውሃ በቧንቧ ወደየፎቁ እንዲወጣ፣ ምግብ በገመድ የሚሳብ ማንሻ እንዲሠራና በየአልጋው ደወል እንዲገባ ነበር፤ ይህም አስታማሚዋ ቀኑን በደረጃ መውጣትና መውረድ እንዳታሳልፈው ነው። የደወሉን አሠራር እስከ ጥቃቅኑ ወስናው ነበር። የየሕሙሙ ደወል የሚጮኸው በዚያው ፎቅ፣ በአስታማሚዋ በር አጠገብ ሆኖ፣ በተደወለ ጊዜ አንዲት ትንሽ ክዳን ተከፍታ ሳትዘጋ እንድትቆይ፣ አስታማሚዋም ብትዘገይ እንኳ ከየትኛው አልጋ እንደ ተጠራች እንድታውቅ ነው። ድምፁ ያልፋል፤ ምልክቱ ግን እስኪታይ ድረስ ይጠብቃል። እኔ ከርቀት የመጠበቅን ጥበብ የምጀምረው ከዚህች ክዳን ነው፤ የዛሬው ሞኒተር በቀይ የሚያበራው መብራት የእርሷ ዘር ነውና።

በተከታዩ ዓመት ናይቲንጌል 38 አስታማሚዎችን አስከትላ፣ በክሪሚያ ጦርነት የቈሰሉት የእንግሊዝ ወታደሮች ወደሚገኙበት ወደ ስኩታሪ ሄደች፤ በዚያ ሌሊት ሌሊት ይዛ የምትዞርበት ፋኖስም ስሟን በዓለም ሁሉ አስጠራው። ፋኖሱ ሲወደስ ደወሉ ተረሳ፤ ነገር ግን ሁለቱ የአንዲት ሴት ሁለት ሐሳቦች ነበሩ፤ አንዱ ወደ ሕሙሙ መሄድ፣ ሁለተኛው ሕሙሙ ያለበትን ሁኔታ ወደ ጠባቂው ማምጣት። ስለ ማስታመም በጻፈችው መጽሐፍ ሕሙሙን ስለ መመልከት ራሱን የቻለ ምዕራፍ መስጠቷም፣ መመልከት የሚማሩት ሞያ መሆኑን ለማስረዳት ነበር።

መመልከት በቁጥር የተጻፈው ግን በጀርመን አገር ነው። የላይፕሲኩ ሊቅ ካርል ቩንደርሊኽ ከ25,000 ያህል ሕሙማን ያሰባሰበውን፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይደርሳል የሚባለውን የሙቀት ልክ መርምሮ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትኩሳት ራሱ በሽታ አለመሆኑን፣ የበሽታ ምልክት መሆኑንና በየበሽታው የራሱ አወጣጥና አወራረድ እንዳለው አስረዳ። ቀድሞ ቴርሞሜትር እጅግ ረዥምና ለመለካትም እስከ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ስለ ነበር፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ኦልበት በዚያው ዘመን አጭሩንና በአምስት ደቂቃ የሚለካውን ባያወጣ ኖሮ ነገሩ ከሊቃውንት ምርምር ባላለፈ ነበር። መሣሪያው ሲያጥርና ልኬቱ ሲበዛ፣ ሐኪሙ በቀን ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ ለመለካት ጊዜ ስለማይኖረው፣ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ አስታማሚዋ እጅ ተላለፈ፤ በአልጋው ግርጌ የተሰቀለው ሰንጠረዥም ሐኪሙ ባልነበረበት ሌሊት የሆነውን በማለዳ የሚያነብበት ደብዳቤ ሆነ። በደብዳቤው ላይ ግን አስታማሚዋ ጸሐፊ እንጂ ተርጓሚ አልነበረችም። ቁጥሩን ትጽፋለች፤ ትርጕሙን የሚሰጠው ሐኪሙ ነው። ይህ የሥራ ክፍፍል መቶ ዓመት የሚያህል ዕድሜ ነበረው፤ እስኪፈርስም ድረስ የብዙ ሰዎች ሕይወት ተከፍሎበታል።

የልብ ቃል በስልክ ሽቦ፦ ከ1905 እስከ 1949

በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ፣ ቪለም አይንትሆቨን የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚጽፈውን መሣሪያ በሠራ ጊዜ፣ መሣሪያው 270 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝንና አምስት ሰዎች የሚያንቀሳቅሱት ስለ ሆነ ወደ ሕሙሙ ሊወሰድ አልተቻለም፤ ጽኑ ሕሙማንም ወደ ቤተ ሙከራው ሊመጡ አልቻሉም። ቤተ ሙከራውና ሆስፒታሉ በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይራራቃሉ። መፍትሔው በመካከላቸው የስልክ ሽቦ መዘርጋት ሆነ፤ በዚህም መሠረት ሕሙሙ በሆስፒታሉ ውስጥ እጆቹንና እግሩን የጨው ውሃ በተመላ ዕቃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ፣ የልቡ እንቅስቃሴ በሽቦው ተጕዞ በቤተ ሙከራው ይጻፍ ጀመር። በመጋቢት 1905 በዚህ መንገድ በመጀመሪያ የተጻፈው የአንድ ጤናማ ብርቱ ሰው ልብ ነበር፤ በጽሑፉ ላይ አንዱ ሞገድ ከፍ ብሎ ቢታይ፣ ሰውዬው ከቤተ ሙከራው ወደ ሆስፒታሉ በብስክሌት በመምጣቱ ነው ተባለ። አይንትሆቨን በ1924 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የላይደኑ ሽቦ ግን ለሊቃውንት ጥናት ጠቀመ እንጂ ለአስታማሚዋ ምንም አላስተላለፈም፤ ሕሙሙ በአንድ በኩል፣ ሊቁ በሌላው ዳር ነበሩ፤ በአልጋው አጠገብ የቆመችው ሴት በሽቦው ምን እንደሚያልፍ የሚነግራት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ለአርባ ዓመታት ያህል ነገሩ ብዙም አልተራመደም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ በአሜሪካ በሞንታና ግዛት በሄሌና ከተማ፣ ኖርማን ሆልተር የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ሰው እየሠራና እየተንቀሳቀሰ የልቡን ምት በራዲዮ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሠርቶ በጀርባው አዝሎት ታየ፤ ክብደቱ 38 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በኋላ መሣሪያው እየቀለለ ሄዶ ዛሬ በኪስ የሚያዘውና በሠሪው ስም የሚጠራው ሆልተር ሞኒተር ሆነ።

ሥልጣን የተሰጣት ነርስ፦ ከ1952 እስከ 1970

በ1952 በጋ በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ገብቶ፣ የብሌግዳም ሆስፒታል መተንፈስ በተሳናቸው ሕሙማን ተጨናነቀ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን በጕሮሮ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር መስጠትን አስተማረ፤ የሚጨምቅ መሣሪያ ስላልነበረም 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች በየተራ፣ ሌሊትና ቀን፣ በየአልጋው ራስጌ እየተቀመጡ ለሌሎች ሰዎች ተነፈሱላቸው። ከዚያ ወረርሽኝ የተገኘው ትምህርት፣ ጽኑ ሕሙማንን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ከዓይን ሳይለዩ መጠበቅ እንደሚያድናቸው ነው፤ ኢብሰንም በተከታዩ ዓመት መጨረሻ ለዚህ የተለየ ክፍል በዚያው ከተማ አቋቋመ። ይህ የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል መነሻ ነው።

በዚያን ዘመን በድንገተኛ የልብ አደጋ ተይዘው ሆስፒታል ከሚገቡት ከመቶው ሠላሳ ያህሉ በዚያው ይሞቱ ነበር፤ ብዙዎቹንም የሚገድላቸው የልብ ምት ድንገተኛ መዛባት ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን የተዛባውን ምት ከደረት ላይ በኤሌክትሪክ ምት መመለስ እንደሚቻል፣ በ1960ም ልብን ደረት ሳይከፍቱ በእጅ በመጫን ደም ማንቀሳቀስ እንደሚቻል ታወቀ። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ልብ በቆመ በአራት ደቂቃ ገደማ አእምሮ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ የኤድንበርጉ ሐኪም ዴዝመንድ ጁልያን በ1961 የልብ ሕሙማን ሁሉ በአንድ ክፍል ተሰብስበው ያለ ማቋረጥ በሞኒተር እንዲጠበቁ ሐሳብ አቀረበ፤ በ1962ም በካንሳስ ሲቲ ሂዩዝ ዴይ፣ በሲድኒ ጁልያን ራሱ፣ በቶሮንቶና በፊላደልፊያም ሌሎች ሐኪሞች ይህን የመሰለውን ክፍል ከፈቱ።

ከእነዚህ ሁሉ የታሪኩን አቅጣጫ የለወጠው የፊላደልፊያው ይመስለኛል። በፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል፣ ሎረንስ ሜልትዘር የሚባለው ሐኪምና ሮዝ ፒኔኦ የምትባለው ነርስ አንድ ግልጽ ነገር አስተዋሉ። የሕሙሙ ደረት በሽቦ ከሞኒተሩ ጋር ተያይዟል፤ በሞኒተሩ መስኮት ላይ አረንጓዴዋ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየዘለለች ትሄዳለች፤ ድንገት መስመሯ ተበታትና ትንቀጠቀጣለች፤ ደወሉ ይጮኻል፤ ነርሷ ወደ ስልክ ሮጣ ሐኪሙን ትጠራለች፤ ሐኪሙ ከሌላ ፎቅ ሲመጣ አራቱ ደቂቃ አልፏል። እንዲህ ከሆነ መሣሪያው ሞትን በትክክል ከመመስከር በቀር ምን ጠቀመ? ስለዚህ ነርሷ የልብን ጽሑፍ ማንበብ ትማር፣ ከክፍሉም አትውጣ፣ ሞት የሚያስከትለውን መዛባት ባየች ጊዜም ሐኪም ሳትጠብቅ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጠውን ዲፊብሪሌተር በገዛ እጇ በደረቱ ላይ ታሳርፍ ብለው ወሰኑ።

ዛሬ ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን በሽታን መለየትና ማከም በሕግም በልማድም ለሐኪም ብቻ የተሰጠ ስለ ነበር፣ ነርስ በራሷ ፍርድ በሰው ልብ ላይ ኤሌክትሪክ ትለቃለች መባሉ የሕግ አዋቂዎችንም፣ ሐኪሞችንም፣ ከነርሶቹም አንዳንዶቹን አስደነገጠ። ክርክሩን የዘጋው ውጤቱ ነው፤ እንዲህ ያሉት ክፍሎች በሠለጠኑ ነርሶች እጅ በተያዙባቸው ቦታዎች በሆስፒታል ውስጥ የሚሞተው ሰው ቍጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ሜልትዘር፣ ፒኔኦና ባልደረባቸው በ1965 ለነርሶች ያሳተሙት መመሪያም በብዙ አገር የማስተማሪያ መጽሐፍ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነርሷ ገና ልብ ሳይቆም፣ አስቀድሞ የሚታየውን ምልክት አይታ በሐኪሙ ቋሚ ትእዛዝ መሠረት የልብን ምት የሚያስተካክለውን መድኃኒት ሊዶኬይንን እንድትሰጥ ተፈቀደ፤ ለሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው የዚያ መድኃኒት ጥቅም በኋለኛው ዘመን ቢጠየቅም፣ ቋሚው ትእዛዝ ግን በነርስና በሐኪም መካከል የነበረውን አጥር አንድ ጊዜ ስለ ጣሰው ተመልሶ አልታጠረም።

ከጠፈር ወደ ኮሪደር፦ ከ1957 እስከ 2013

ሶቪየቶች በኅዳር 1957 ላይካ የተባለችውን ውሻ ወደ ጠፈር በላኳት ጊዜ የልቧ ትርታና ትንፋሿ በራዲዮ ወደ ምድር ይደርስ ነበር፤ ከእርሷ በኋላ የወጡት ሰዎችም እንዲሁ ተጠብቀዋል። አሜሪካውያን ለጠፈርተኞቻቸው ይህን ሥራ ከሠሩላቸው ድርጅቶች አንዱ ስፔስላብስ ይባላል፤ እርሱም ጥበቡን ወደ ሆስፒታሎች አመጣው። ሽቦው በራዲዮ ሲተካ፣ ከአደጋው ያገገመው የልብ ሕሙም ትንሽ አስተላላፊ በአንገቱ አንጠልጥሎ በኮሪደሩ መራመድ ቻለ፤ ነርሷም ከማዕከላዊው ጠረጴዛ ሳትነሣ እርምጃው ልቡን እንዴት እንዳደረገው ታያለች። የሆስፒታል ነርሶች ቴሌሜትሪ የሚሉት ይህንን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው መሣሪያ ግን በቶክዮ የተወለደው ፐልስ ኦክሲሜትር ነው። በኒሆን ኮደን ኩባንያ የሚሠራው ታኩኦ አኦያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በብርሃን አማካይነት ልብ የሚረጨውን የደም መጠን ለመለካት ሲሞክር፣ የደም ሥር ትርታ ልኬቱን እያናወጠ አስቸገረው፤ ትርታውን ለማጥፋት ሲታገልም፣ ቀይና ታሕተ ቀይ ብርሃን አወዳድሮ ከዚያው ትርታ የደምን የኦክስጅን መጠን ማወቅ እንደሚቻል አገኘ። በ1974 ግኝቱን ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ፤ በ1980ዎቹም የካሊፎርኒያው ኔልኮር ለማደንዘዣ ሐኪሞች የሚስማማውን አዘጋጅቶ አሰራጨው። በዚህ መሣሪያ ኦክስጅን ሲቀንስ ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም ስለሚወርድ፣ ጠባቂው ዓይኑን ወደ ሌላ ቢመልስ እንኳ ጆሮው ይነግረዋል።

ድምፁ ግን በረከትም መርገምም ሆነ። በየአልጋው አምስትና ስድስት መሣሪያ፣ በየመሣሪያውም ብዙ ዓይነት ጩኸት ሲገባ፣ አብዛኛው ጩኸት ሕሙሙ ስለ ተገላበጠ ወይም ሽቦው ስለ ላላ የሚነሣ በመሆኑ፣ የነርሷ ጆሮ እንደ ጎረቤት ውሻ ጩኸት ይለምደውና እውነተኛው ሲመጣ አይለየውም። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመረምረው ጆይንት ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከ2009 እስከ 2012 አጋማሽ ከዚህ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች እንደ ደረሱት፣ ከእነዚህም 80ዎቹ በሞት እንደ ተፈጸሙ ገለጸ። የናይቲንጌል ክዳን ለአንድ አልጋ አንድ ምልክት ብቻ ትሰጥ ነበር።

ጠባቂው ከሕንፃው ሲወጣ፦ ከ1997 እስከ 2011

በአሜሪካ የጽኑ ሕሙማን ልዩ ሐኪሞች ከክፍሎቹ ብዛት ጋር ስላልተመጣጠኑ፣ የጆንስ ሆፕኪንሱ ብራያን ሮዘንፌልድና ማይክል ብሬስሎው አንድ ሐኪም በሩቅ ሆኖ ብዙ ክፍሎችን መጠበቅ ይችል እንደ ሆነ ከ1997 ጀምሮ ፈተኑ፤ በኋላም ቪዚኩ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ2000 በቨርጂኒያ፣ በኖርፎክ የሚገኘው ሴንታራ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ማዕከል ከፈተ። በማዕከሉ ልምድ ያላቸው የጽኑ ሕሙማን ነርሶች እያንዳንዳቸው በብዙ መስኮቶች ፊት ይቀመጣሉ፤ በአንዱ መስኮት የልብ መስመር፣ በሌላው የላቦራቶሪ ውጤት፣ በሌላው የመድኃኒት ትእዛዝ ይታያል፤ አንዷ አዝራሩን ስትጫን በሕሙሙ ክፍል ያለው ካሜራ ዞሮ ፊቱን፣ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ፣ የመተንፈሻ መሣሪያውን ቍጥር ያሳያታል፤ በአልጋው አጠገብ ካለችው ነርስም ጋር ትነጋገራለች።

ጠቀመ ወይ? መልሱ ለሁለት ተከፈለ። በ2009 የታተመውና በሂዩስተን ከ4,000 በላይ ሕሙማንን የመረመረው ጥናት በጠቅላላው የሞት መጠን ላይ ልዩነት አላገኘም፤ በ2011 የታተመው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን ከ6,290 ሕሙማን መካከል በሆስፒታል የሚሞተው ከ13.6 ወደ 11.8 በመቶ እንደ ወረደ አሳየ። የሁለቱን መለያየት ለመረዳት የሂዩስተኑን ጥናት ዝርዝር ማንበብ ይጠቅማል፤ በዚያ የየክፍሉ ሐኪሞች ለማዕከሉ ሙሉ የማከም ሥልጣን የሰጡት ከሕሙማኑ ለ31 በመቶው ብቻ ነበር። በቀሩት ላይ የሩቁ ጠባቂ ሞት ካልቀረበ በቀር እጁን እንዲሰበስብ ተደርጓል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ የተሠራው ማዕከል፣ ሜልትዘርና ፒኔኦ በ1962 ያገኙትን ሁኔታ በአዲስ መልክ ደገመው።

ቤቱ የሕሙማን ክፍል ሲሆን፦ ከ2003 እስከ 2018

የአሜሪካ የጦር ተሰናባቾች መሥሪያ ቤት ከ2003 ጀምሮ የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ድካም ሕሙማንን በየቤታቸው በመሣሪያ መከታተል ያዘ። በየቀኑ የሚመጣውን ክብደት፣ ግፊትና የስኳር መጠን የሚያነብቡት በአብዛኛው ነርሶች ነበሩ፤ ከሕሙሙም ጋር በስልክ የሚነጋገሩት እነርሱ ናቸው። ስለ 17,025 ሕሙማን በ2008 የታተመው ዘገባ በሆስፒታል የሚያድሩበት ቀን በ25 በመቶ፣ የሚገቡበት ጊዜ በ19 በመቶ እንደ ቀነሰ ይናገራል።

ይህ ተስፋ ግን በ2010 ተፈተነ። በአሜሪካ 1,653 የልብ ድካም ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት፣ ሕሙሙ በየቀኑ ስልክ ደውሎ ለአውቶማቲክ ድምፅ ክብደቱንና ስሜቱን እንዲናገር አደረገ፤ ውጤቱም በተለመደው መንገድ ከተከታተሉት በምንም አልተሻለም። እንዲደውሉ ከተመደቡት ከመቶው አሥራ አራቱ ጭራሽ አንድ ጊዜ እንኳ አልደወሉም። በዚህ መፍረድ ይከብደኛል፤ ታሞ የደከመ ሰው ለማሽን በየማለዳው ኑዛዜ ማቅረብ ቢሰለቸው የሚደንቅ አይደለም። በ2018 በበርሊን የሻሪቴ ሆስፒታል የመራው ጥናት ነገሩን በሌላ መንገድ ያዘው፤ 1,571 ሕሙማን ተካፍለው፣ ግማሾቹ ክብደታቸውን፣ ግፊታቸውን፣ የልባቸውን ጽሑፍና የኦክስጅን መጠናቸውን በየቀኑ ሲልኩ፣ በማዕከሉ ሐኪሞችና ነርሶች ሃያ አራት ሰዓት ተቀምጠው መድኃኒት ይለውጡ፣ ወደ ሆስፒታልም ይልኩ ነበር። በዚህ ወገን በዓመት ከመቶ ሰው የሚሞተው 7.9 ሲሆን በሌላው ወገን 11.3 ነበር።

ከወረርሽኙ ወዲህ፦ ከ2020 እስከ 2025

ኮቪድ በ2020 ዓለምን ሲያዳርስ፣ ነርሶች አንድ እንግዳ ነገር ተመለከቱ፤ ሕሙሙ ትንፋሽ ሳያጥረው፣ እየተጫወተ፣ የደሙ ኦክስጅን ግን ለሞት በሚያሰጋ መጠን ይወርድ ነበር። ከፊቱ ስለማይታወቅ በጣቱ ላይ መለካት ግድ ሆነ። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በዓመቱ መጨረሻ ለሕሙማን ፐልስ ኦክሲሜትር በየቤታቸው እየሰጠ በስልክ የሚከታተልበትን ሥርዓት ዘረጋ፤ ከዚያም በየቤታቸው ተኝተው በሆስፒታል ቡድን የሚጠበቁበት አገልግሎት ለሌሎች በሽታዎችም ተስፋፋ። ለዓመታት በክርክር የዘገየው ነገር በወራት ውስጥ ተለመደ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ግን ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ በጣት ላይ ያለው ብርሃን በጥቁር ቆዳ ውስጥ እንደሚሳሳት አስታወቀ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየበት ጊዜ፣ ከደም ወሳጅ ሥር በተቀዳ ደም ሲመረመር እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ በ3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ ግን በ11.7 በመቶ ነበር። ይህ እኛን በቅርብ ይነካናል፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው ሆስፒታሎች ብዙ የአገራችን ልጆች በነርስነት ያገለግላሉ፤ ቤተ ሰቦቻቸውም በዚያው ይታከማሉ። ጥርጣሬው አዲስ አልነበረም፤ በ1990 የታተመ ጥናት አስቀድሞ ጠቁሞት ነበር፤ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰሚ አላገኘም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ቀድሞ አምራቾች መሣሪያውን በአሥር ጤናማ ሰዎች ላይ ቢፈትኑ ይበቃል ይል የነበረውን ትቶ፣ በጥር 2025 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ቢያንስ 150 ሰዎች እንዲፈተኑበት ጠየቀ። ረቂቁ እስኪጸድቅና አሮጌዎቹ መሣሪያዎች እስኪተኩ ድረስ፣ በመስኮቱ ላይ 94 እያየች የሕሙሙ ከንፈር መጥቆር ያላማራት ነርስ፣ ከደም ወሳጅ ሥር ደም ተቀድቶ ይመርመር ብላ ሐኪሙን ከእንቅልፉ ታስነሣለች፤ በአንዳንድ ሆስፒታሎችም ቋሚው ትእዛዝ ስለሚፈቅድላት ራሷ ትቀዳለች።